ማውጫው ያላያቸው ሃያ ሦስት ፋይሎች

ጥቅምት 4

ይድረስ ባሕር ማዶ ለምትገኚው የእህቴ ልጅ፣ ለቁንጫ፤

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ፣ ሥራሽ፣ ያ ብርድ የማይወደው ጉልበትሽ እንዴት ነው? እኔ ፈጣሪ ይመስገንና ከአንድ መንጋጋ ጥርስ በስተቀር ያለኝ ሁሉ በቦታው አለ። እናትሽም ደህና ናት። በስልክ ድምፅሽ ቀጠነብኝ፣ ልጄ አትበላም ማለት ነው እያለች እኔን ትቆጣለች። ባሕር ተሻግሬ ላጎርስሽ ነው እንዴ?

ሠላሳ ዓመት አልፎሽም ቁንጫ ማለቴን አልተውኩም። ወለል ሳትነኪ ከወንበር ወንበር እየዘለልሽ የእናትሽን ሳሎን ስታዳርሺ ያየሁ ሰው ሌላ ስም ከየት ላምጣልሽ? ደግሞ እንደምታውቂው ደብዳቤ በወረቀት ካልሆነ አይጥመኝም። ፕሮግራሙን በኢሜይል ልኬልሻለሁ፤ ወሬው ግን በፖስታ ይመጣል፣ ቀስ እያለ፣ እንደ ትልቅ ሰው።

አሁን ወደ ጉዳዬ። ክሊኒኩ ሲቀጥረኝ ሚዛንና ጄኔሬተር ጠጋኝ ነበርኩ። ያ ሽፋን የሌለው የፕሮግራም መጽሐፍ እጄ ከገባ ወዲህ ግን ታውቂያለሽ፣ ካርድ ክፍሉንም መድኃኒት ቤቱንም በኮምፒዩተር አደረግኩላቸው። ዘጠኝ ዓመት ሆነው። በሽተኛው መስኮቱ ጋ ሲደርስ ፋርማሲስቷ የካርድ ቁጥሩን ትመታለች፣ የታዘዘውን መድኃኒት ትመታለች፤ መድኃኒቱ ለዚያ ሰው የማይስማማ ከሆነ በስክሪኑ ሙሉ ቀይ ጽሑፍ ይወጣል። ቀዩ ጽሑፍ ከወጣ አይሰጥም። በቃ።

ታዲያ ፕሮግራሙ አርጅቶ እንደኔ ቂጡን መጎተት ጀምሯል። በየጊዜው ስጨምርበት ስልሳ አንድ ፋይል ሆኗል። ፋርማሲስቷ ቁጥር መትታ እስኪመጣላት ድረስ ክኒኑን ሁለት ጊዜ ቆጥራ ትጨርሳለች። እሷማ ሳይዘገይባትም ሁለቴ ነው የምትቆጥረው። «ጋሼ፣ ይህን ነገር አንድ በለው፣ ሰልፉ በር ላይ ደረሰ» ትለኛለች። ሰላምታዋን አድርሺልኝ ብላለች፤ ባታውቅሽም ከደብዳቤሽ እያነበብኩላት ወዳጅ ሆናለች።

እና አንቺ በዚያ በትልቁ መሥሪያ ቤት የሰው ፕሮግራም ስታጸጂ ነው የምትውዪው፤ የእኔንም አንድ ቀን ተመልከቺልኝ። ማንም የማይጠራቸውን፣ ዝም ብለው ቦታ የያዙትን የፕሮግራም ቁራጮች ነግረሽኝ ላውጣቸው። ስትገቢ አንዳንድ የፋይል ስሞች ካሳቁሽ ለማንም አታውሪ። ክፉ ሰው አይደለሁም፤ ሥራው ደረቅ ነው።

አጎትሽ


ኅዳር 2

ለምወድህ ጋሼ፤

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ፤ ሐኪም ቤት እየሠራህ ጥርስህን ለሐኪም አለማሳየትህ ይገርመኛል። እኔ ደህና ነኝ፤ ለእማማ እበላለሁ በልልኝ።

ፕሮግራምህን አየሁት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ብቻህን! መሥሪያ ቤቴ ውስጥ ዲግሪ ይዘው ይህን ያህል የማይሠሩ አሉ፤ ይህን ስልህ ግን ራስህ እንዳያብጥ።

እንዴት እንዳየሁት ልንገርህ፤ ትወደዋለህ። ማውጫ ሠሪ የሚባል መሣሪያ አለ። ፕሮግራሙን ሁሉ ያነብና እንደ መጽሐፍ ማውጫ ያዘጋጃል፦ ይህ ቁራጭ የትኛው ፋይል፣ ስንተኛው መስመር ላይ ተጻፈ፤ ማን ማን ይጠራዋል። ከዚያ ስሙ ላይ አንድ ቁልፍ ስትጫን ዘለህ ቦታው ላይ ትደርሳለህ። ወለል መንካት የለም። ለቁንጫ የተሠራ ነው።

ሁሉንም አይቻለሁ። ማንም የማይጠራቸው አሥራ አንድ ቁራጮች አግኝቻለሁ፤ ዝርዝሩ ከጀርባ አለ። ሰባተኛው «ካርዱን ጠይቅ» የሚለው ረጅሙ ነው፤ የካርድ ክፍሉን ፋይል ሁሉ ያገላብጣል ግን የሚጠራው የለም። ምናልባት ድሮ ጽፈህ የረሳኸው ነው። ሁሉንም አውጣቸው። አሮጌውን ቅጂ ግን አስቀምጥ፤ ይህ ወግ ነው።

ፋርማሲስቷን ሳምልኝ እንዳልል አንተ ነህ፤ ሰላም በልልኝ።

ቁንጫ


ኅዳር 27

ይድረስ ለዘላይዋ፤

እንዴት ነሽልኝ? እኔ እንደ ሙሽራ ነኝ። አሥራ አንዱንም ነቅዬ ጣልኳቸው፤ ፕሮግራሙ ክንፍ አወጣ። ፋርማሲስቷ ቁጥር ስትመታ ከጣቷ እኩል ይመጣላታል። «ጋሼ፣ ምን አጠጣኸው?» ብላ ሳቀች። የእህቴ ልጅ ናት የሠራችው አልኩ። ውሸት ነው፤ ግማሹን እኔ ነኝ ብያለሁ።

ቀዩ ጽሑፍ ራሱ ሰሞኑን ጨዋ ሆኗል፤ ብዙም አያስቸግረንም።

ሰው ሲያመሰግነኝ እንዲህ ደስ የሚለኝ መሆኑን በዚህ ዕድሜዬ ማወቄ አሳፈረኝ። እናትሽ ስለ አንቺ ለጎረቤት ስታወራ ሁለት በር ዘግታም ይሰማል። ኑሪልን።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 18

ለጋሼ፤

ደብዳቤህ ቢሮ ደርሶኝ እዚያው አነበብኩት። አለቃዬ ምን ያስቅሻል አለችኝ፤ ነገርኳት። አሁን ነገሩ ከፍ አለ። በየሦስት ወሩ አንዳችን ለባልደረቦቻችን አንድ ሥራ እናቀርባለን፤ የካቲት መጨረሻ ተራው የእኔ ነው። ያንተን ፕሮግራም ላቅርበው? ብቻውን የተማረ ሰው የጻፈውን፣ ማውጫ ሠሪው እንዴት በአንድ ቀን እንዳስነበበኝ?

ከፈቀድክ የመስኮቱን ፎቶ ላክልኝ። ቀዩ ጽሑፍ የወጣበት ቢሆን ጥሩ ነው። ሳትዘገይ ጻፍ።

የምትኮራብህ


የካቲት 9

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፤

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ሁላችንም ደህና ነን። እናትሽም ደህና ናት።

ስለዘገየሁ አትቀየሚኝ፤ ሥራ በዛብኝ። ፎቶውን ላነሳልሽ አልቻልኩም፤ መስኮቱ አሁን በሌላ ሰው ነው የሚሠራው። ስልክ ስትደውዪም ሰማሁ፤ እጄ ቅባት ነክቶ ነበር።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያ ማውጫ ሠሪ የፋይሉ ስም ትንሽ ወጣ ያለ ከሆነ ያየዋል? ለምሳሌ መጨረሻው ላይ ነጥብና ሁለት ፊደል ባይኖረው። ወይም ሌላ ነገር ቢኖረው። ለማወቅ ያህል ነው።

ማቅረቡን ለጊዜው ብትተዪው።

አጎትሽ


የካቲት 24

ጋሼ፤

እንደምን ነህ? አምስት ጊዜ ደውዬ ቅባት የማይለቀው ምን ዓይነት እጅ ነው?

ደብዳቤህን አንብቤ ኮምፒዩተሩን ከፈትኩ። መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝን ያኔ አደረግኩ፤ ማውጫ ሠሪውን ስንት ፋይል አነበብክ ብዬ ጠየቅሁት። ሠላሳ ስምንት አለኝ። አንተ የላክኸው ስልሳ አንድ ነው።

መሣሪያው ፋይሉን ከፍቶ አያይም፤ ስሙን ነው የሚያየው። መጨረሻው የሚያውቀው ነጥብና ሁለት ፊደል ከሆነ ያነበዋል፤ ካልሆነ አንድ ቃል ሳይናገር ያልፈዋል። ያንተ ሃያ ሦስቱ ፋይሎች እንደዚያ አይደሉም። አሥራ ሁለቱ «ነጥብ ጋሼ» ብለው ያልቃሉ፤ አሥራ አንዱ ምንም መጨረሻ የላቸውም፣ ባዶ ስም ብቻ። እኔ ደግሞ በማውጫው እየዘለልኩ ስለሄድኩ ማውጫው ላይ የሌለ ቦታ አልረገጥኩም። ሁሉንም አይቻለሁ ብዬ ጻፍኩልህ። አላየሁም። ይህን ዓረፍተ ነገር ስጽፍ ፊቴ ይግላል።

«ካርዱን ጠይቅ» የሚጠራው አለ። አንድ ፋይል ብቻ ነው፣ ያ የቀዩ ጽሑፍ ፋይል። ስሙን አነበብኩት፤ ቆሞቀር ይላል።

ጋሼ፣ ሃያ ሦስቱም የሰው ቅጽል ስም ይመስላሉ፤ ይህስ የማን ነው? ለእኔ ያወጣኸው እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነው። ባለፈው ዓመት ለዕረፍት መጥቼ እናቴ ይህንኑ ቃል ጓዳ ውስጥ ለጎረቤት ስትለው ሰምቻለሁ፤ በለሆሳስ፣ እያዘነች። ስለ እኔ ነበር።

ማስተካከያው ቀላል ነው። ማኅደሩ ውስጥ መሣሪያው የሚታዘዝበትን አንድ የቅንብር ፋይል አስቀምጥ። አንደኛው መስመር በ«ነጥብ ጋሼ» የሚያልቅ ሁሉ የዚህ ቋንቋ ነው ይበል። ከሥሩ መጨረሻ የሌላቸውን አሥራ አንዱን በሙሉ ስማቸው ዘርዝር። ከየመስመሩ ፊት የመደመር ምልክቷን አትርሳ፤ እሷ ከሌለች መሣሪያው አዲሱን ይማርና የድሮውን ይረሳዋል። ስትጨርስ ቁጠር። ማኅደሩ ውስጥ ያለውና ማውጫው ላይ ያለው እኩል ካልሆነ አትመነው።

አሁን የሆነውን ንገረኝ። መስኮቱ ላይ ለምን ሌላ ሰው ተቀመጠ?

ቁንጫ


መጋቢት 15

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። ስለ እኔ ደህንነት የምጽፈው የለኝም።

ያልሽውን ቅንብር ጻፍኩት። የመደመር ምልክቷን ረስቼ ሃያ ሦስቱ መጡና ሠላሳ ስምንቱ ጠፉ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህን እየሳቅሁ ሁለት ገጽ እጽፍልሽ ነበር። ምልክቷን ጨመርኩ፣ ቆጠርኩ፣ ስልሳ አንድ ለስልሳ አንድ ሆነ።

የሆነው እንዲህ ነው። ጥር 6 ቀን ጡረታ የወጣ አንድ አናጺ ለሳል መጣ። የታዘዘለት መድኃኒት ከዓመታት በፊት ፊቱን ያሳበጠው ነው፤ ካርዱ ላይ ተጽፏል። ቀዩ ጽሑፍ አልወጣም። ፋርማሲስቷ በዚያ ቀን የሁለት መስኮት ሥራ ብቻዋን ይዛ ነበር፤ ካርዱን ሳታነብ ሰጠችው። ቤቱ ሲደርስ ጉሮሮው ተዘጋ። ትልቁ ሆስፒታል አራት ቀን ተኛ። ተርፏል፤ መጀመሪያ ይህን ልበልሽ፤ ተርፏል።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ፋርማሲስቷ እየሮጠች ወርክሾፔ መጣች። «ጋሼ፣ ቀዩ አልመጣም! ሁለቴ ነው የመታሁት፣ አልመጣም!» አለችኝ። ስከፍተው አየሁት። ቆሞቀር ፋይሉ «ካርዱን ጠይቅ»ን ይጠራል፤ እኛ ነቅለነዋል፤ ሲያጣው መጮህ ነበረበት። ግን አልጮኸም። የዛሬ ስድስት ዓመት ፕሮግራሙ አርባ ሰው ሰልፍ ይዞ ተበላሽቶብኝ ተዋርጄ ስለነበር ያን ጊዜ አንድ መስመር ጨምሬያለሁ፦ ስህተት ካጋጠመህ ዝም ብለህ እለፍ። ስድስት ሳምንት ዝም ብሎ አለፈ። ሌሎቹን በሽተኞች ያዳነቻቸው የእሷ ዓይን ነው፤ ካርዱን ራሷ ሁለቴ ስለምታነብ። እኔ ደግሞ ቀዩ ጨዋ ሆኗል ብዬ ጻፍኩልሽ።

አሮጌውን ቅጂ እዚያው መለስኩት። ይህ ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ የማግስቱ ነው።

በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ፣ ዋና ነርሷና የካርድ ክፍሉ ኃላፊ መስኮቱ ጋ መጡ። የአናጺውን ካርድ ቁጥር መቱ፣ መድኃኒቱን መቱ። ቀዩ ጽሑፍ በስክሪኑ ሙሉ ወጣ። ሥራ አስኪያጁ ወደ እኔ ዞሮ፣

«ፕሮግራሙ ደህና ነው?» አለ።

«ደህና ነው» አልኩ።

በዚያች ደቂቃ ደህና ነበር። ያን ቀን ሙሉ ይህን ለራሴ ስነግረው ዋልኩ።

ፋርማሲስቷ አየችኝ። ጋውኗን አውልቃ አጣጥፋ ወንበሩ ላይ አስቀመጠች። ታግዳ ቤቷ ናት፤ ቀዩን አይታ ሰጠች፣ ከዚያ ዋሸች ተብሎ። ኮሚቴው ሚያዝያ 12 ይወስናል፤ ከፈረደባት የሙያ ፈቃዷ ይሄዳል። አሥራ አንድ ዓመት አብረን ሠርተናል። እናቴን ስቀብር ከሥራ ባልደረቦቼ መጀመሪያ የደረሰችው እሷ ናት።

ለምን ዝም አልክ ትዪኛለሽ። ስለ ቅጣቱ አይደለም ብልሽ ግማሽ እውነት ነው። የተበላሸውን ላሳይ ካልኩ ያንን ፋይል መክፈት አለብኝ፤ ስሙ ከላይ ተጽፏል። በር ላይ እጇን አጣጥፋ ቆማ ማንንም የማታሳልፍ ፋይል ናት ብዬ ነበር ለራሴ ስቄ ያወጣሁት። ሳታገባ የቀረችው እሷ መሆኗ ከክሊኒኩ ሰው የማይገባው የለም። ስሙን ቀይሬ ላቀርብ አሰብኩ፤ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ሁለት ጊዜ ጣቴን ቁልፉ ላይ አድርጌ አነሳሁ።

ምን ላድርግ? አጎት ሆኜ አንቺን መጠየቄ ራሱ ያሳፍራል።

አጎትሽ


መጋቢት 29

ጋሼ፤

ሰላም ለአንተ። በፖስታ ቤቱ ፈጣን መንገድ ነው የላክሁት።

ሌላ ወረቀት አብሮ አለ፤ ለኮሚቴው የጻፍኩት ነው። ፕሮግራሙን ያየሁት እኔ መሆኔን፣ ሃያ ሦስት ፋይሎች እንዳላነበብኩ፣ ሳላነብ «ሁሉንም አይቻለሁ» ብዬ እንድትነቅል የነገርኩህ እኔ መሆኔን ይናገራል። ፈርሜበታለሁ። የእኔን ድርሻ አንተ እንድትሸከምልኝ አልፈልግም፤ ደግሞ አንተም ከኋላው እንድትደበቅ አልፈልግም።

ስለ ስሙ። እውነቱን ልንገርህና እኔም መጀመሪያ ያሰብኩት መቀየሩን ነው። ግን አይሆንም። መሣሪያው ፋይሉን ለምን አለፈው ቢሉህ መልሱ ስሙ ነው። ስሙን ቀይረህ፣ ደህና መጨረሻ ሰጥተህ ካቀረብከው ታሪኩ አይገጥምም፤ እንዲህ ያለ ፋይል እንዴት ታለፈ ይሉሃል፣ መልስ የለህም፣ ጥፋቱም ተመልሶ እሷ ላይ ይወድቃል። እንዳለ ነው የሚነበበው።

እኔ የእኔን ጨርሻለሁ። ባልደረቦቼ ፊት ቆሜ ያቀረብኩት እንዴት እንደተሳካልኝ ሳይሆን ሃያ ሦስት ፋይል እንዴት እንዳመለጠኝ ነው። ፎቶ ስላልላክህልኝ ሠላሳ ስምንትና ስልሳ አንድ ብዬ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።

ከልጅነቴ ጀምሮ ስታሾፍብኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ እኔ እየሰማሁ ስለነበር ነው። እሷ አትሰማም ነበር።

ሚያዝያ 12 ስልክህን አንሳ።

ቁንጫ


ሰኔ 26

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፤

እንደምን ሰንብተሻል? የዚያን ዕለት በስልክ «አንብቤያለሁ» ብዬሽ ዘጋሁ፤ የቀረውን ለመጻፍ ሁለት ወር ተኩል ፈጀብኝ። አትቀየሚኝ፤ ወረቀቱን ስምንት ጊዜ ጀምሬ ቀድጃለሁ።

ኮሚቴው የተቀመጠው መድኃኒት መጋዘኑ አጠገብ ባለችው ጠባብ ክፍል ነው። ሥራ አስኪያጁ መሀል፣ ዋና ነርሷ በቀኙ፣ የካርድ ክፍሉ ኃላፊ ቃለ ጉባኤ ይይዛል። ዘበኛው በሩ ላይ። ፋርማሲስቷ መስኮቱ ጥግ፣ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ። እኔ የቀዩን ጽሑፍ ፋይል ያተምኩበትን ወረቀት ይዤ ቆምኩ።

መጀመሪያ ያንቺን አነበብኩ። ቀጥዬ የእኔን፦ ነቅለን እንደነበር፣ ዝም ብለህ እለፍ የሚለውን መስመር ማን እንደጻፈው፣ ጥር 6 ከሰዓት መልሼ እንደተከልኩት፣ በማግስቱ «ደህና ነው» ስል የማውቀውን አውቄ እንደሆነ። ሥራ አስኪያጁ መነጽሩን አወለቀ። የካርድ ክፍሉ ኃላፊ ቀና ሳይል፣

«የፋይሉ ስም ማን ይባላል? ለቃለ ጉባኤው» አለ።

ነገርኩት። ብዕሩ ቆመ። ወደ ሥራ አስኪያጁ አየ፣ ወደ ነርሷ አየ።

«ይጻፍ?» አለ።

«ይጻፍ» አለች ፋርማሲስቷ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ሃያ ሦስት ናቸው ብለዋል። የቀሩትን ሃያ ሁለቱንም ያንብቡ።»

አሥራ አንድ ዓመት ጋሼ፣ አንተ ስትለኝ ኖራ «ያንብቡ» አለችኝ። አክብሮት እንዲህ ያማል ብዬ አስቤ አላውቅም።

አነበብኩ። ደወል።

«እኔ ነኝ?» አለች ዋና ነርሷ።

«ድምፅሽ ኮሪደሩን ስለሚያዳርስ ነው» አልኩ። ማኅተምዋጥ ስል ሥራ አስኪያጁ ማንነቱን አልጠየቀም። እንቅልፉ ስል ዘበኛው በሩ ላይ ሆኖ «ይቺስ እውነት ናት» ብሎ ሳቀ፤ እነሱም ሳቁ። አፈጮሌን የካርድ ክፍሉ ኃላፊ አንገቱን ደፍቶ በገዛ እጁ ጻፈው። አንዱ ሲነበብ ሌላው ይስቃል፤ የራሱ ሲመጣ ይቁለጨለጫል። የመጀመሪያው ላይ ግን የሳቀ አልነበረም። እኔ ብቻ ነበርኩ የሳቅሁበት፣ የዛሬ ዘጠኝ ዓመት፣ ብቻዬን።

ስጨርስ ፋርማሲስቷ ተነሥታ እጇን ዘረጋች። «ስህተቱ ስንተኛው መስመር ላይ ነው?»

«አርባ ሁለት።»

ወረቀቱን ተቀብላ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ገልብጣ እንደገና ጀመረች። ሁለቴ እስክትጨርስ ጠበቅናት።

ያን ዕለት ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ለእኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፤ ፕሮግራሙንም እሷ ሳታይ አንድ መስመር እንዳልነካ ታዘዝኩ። አናጺው ቤት ሄጄ ነበር። ቁጭ በል አላለኝም። «ጉሮሮዬ ሲዘጋ የታየችኝ የልጅ ልጄ ናት» አለኝና እንጨቱን መላጉን ቀጠለ። በሚቀጥለው ሳምንትም ሄድኩ። አሁንም ቁጭ በል አላለኝም፤ የሳንቃውን ጫፍ ያዝልኝ ግን ብሏል።

ስሞቹን ሁሉ ቀየርኩ፤ ነጥብና ሁለት ፊደል አላቸው፤ ያንቺ ቅንብር አሁን አያስፈልግም። አልሰረዝኩትም፤ አሥራ አንዱ ስም ከነመደመር ምልክታቸው እንደተዘረዘሩ አሉ። ያን ፋይል ምን ልበለው ብዬ ስጠይቃት፣ «ማስጠንቀቂያ ይበሉት፤ ሥራው እሱ አይደል?» አለችኝ። አርባ ሁለተኛውን መስመር አብረን አየነው። አሁን ስህተት ሲያጋጥመው ፕሮግራሙ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ስክሪኑም ይጮኻል። ሰልፉ ይጠብቃል።

ሌላም ሕግ አወጣች። በየጠዋቱ መስኮቱ ለሰው ከመከፈቱ በፊት እኔ እንደ በሽተኛ ሰልፍ እይዛለሁ። ብቻዬን። በስሜ ካርድ አውጥታልኛለች፣ የአናጺው መድኃኒት የማይስማማው ተብሎ ተጽፎበታል። ካርዴን እሰጣለሁ፣ ቁጥሩን ትመታለች፣ መድኃኒቱን ትመታለች፣ ቀዩ ይወጣል። «አይሰጥም» ትለኛለች። ካርዴን ትመልሳለች፣ መስኮቱን ትከፍታለች። የፕሮግራሙ ጉዳይ ካልሆነ ቀኑን ሙሉ ከእሷ የምሰማው ያችን አንድ ቃል ብቻ ነው። አሥር ሳምንት እንዲህ ሆነ።

እናትሽ እንዳትሰማ እንጂ ጠዋት ጠዋት ፊቴን ሁለቴ እታጠባለሁ፤ ፈተና እንዳለበት ተማሪ።

ዛሬም ሄድኩ። ካርዴን ሰጠሁ፤ መታች፤ ቀዩ በስክሪኑ ሙሉ ወጣ። ካርዱን በመስኮቱ ሥር ገፋ እያደረገችልኝ፣ ቀና ሳትል፣

«አይሰጥም፣ ጋሼ» አለች።

አስባበት ይሁን አምልጧት አላውቅም። ልጠይቃት አፈርኩ። ካርዴን ይዤ ከሰልፉ ወጣሁ፤ ከኋላዬ መስኮቱ ተከፈተ።

አጎትሽ